ሐይቁን የያዘው አፈር፦ የአንድ ትንሽ የሰፈር ግድብ የጥገና ማስታወሻ

ኦክቶበር 2024፣ መጀመሪያ

አትላንታ ዙሪያ ቤት የገዛ ሐበሻ አንዳንዴ ሳያውቀው የግድብ ባለቤት ይሆናል። ማስታወቂያው "ሐይቅ ዳር" ይላል። በዚህ በጆርጂያ ኮረብታማ ክፍል ግን እግዜር የሠራው ሐይቅ የለም ማለት ይቻላል። ሐይቅ ካለ አንድ ጫፉ ላይ ጅረት የዘጋ የአፈር ግድብ አለ። ግድቡ ደግሞ በአብዛኛው የመንግሥት አይደለም። የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ፣ የኤችኦኤው ንብረት ነው። ማኅበሩ ማለት እኛው ነን።

የእኛው ግድብ 8 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከዳር እስከ ዳር 90 ሜትር ገደማ ይሆናል። በ1960ዎቹ ለእርሻ ተሠርቶ፣ ኋላ መሬቱ ለቤት ሲሸነሸን ለዓሣና ለጀልባ ቀረ። ሐይቁ አምስት ሄክታር አይሞላም። ፕላኑ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ከነጭራሹ ፕላን ይኑረው አይኑረውም አልታወቀም።

በአሜሪካ አገር አቀፍ የግድቦች መዝገብ ላይ ከ90 ሺህ በላይ ግድቦች ሰፍረዋል። ከግማሽ በላዩ የግል ነው። እኛ ግን ግድብ ሲባል ቶሎ የሚታየን ዓባይ ነው። 145 ሜትር ኮንክሪት፣ ቀን ከሌት የሚጠብቀው ሰው፣ በየቦታው መለኪያ። የሰፈራችንን ግድብ የሚጠብቀው ሣር አጫጁ ነው። እሱም ቢሆን አናቱን እንጂ ተዳፋቱን አይነካም።

ነገሩን የቀሰቀሰው ሔሊን ነው። ያ ማዕበል ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ሲያልፍ አትላንታ ላይ በ48 ሰዓት ውስጥ 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝናብ ጣለ። በከተማዋ ከ1878 ጀምሮ በተያዘው መዝገብ እንዲህ ያለ አልታየም። የእኛም ሐይቅ ሞልቶ በግራ በኩል ባለው ሣር ለበስ የአደጋ ጊዜ ማስተንፈሻ ወረደ። ማስተንፈሻው የተሠራው ለዚሁ ነው፤ ሥራውን ሠራ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ብወጣ ጋሼ ጃንጥላ ይዘው ግድቡ አናት ላይ ቆመዋል። ጋሼ ማዶ ያሉት ጎረቤቴ ናቸው። አገር ቤት የመስኖ መሐንዲስ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው።

"ላይኛውን ተወው" አሉኝ። "ከታች ምን እየሆነ ነው?"

ከታች የሚታይ ነገር አልነበረም። ኩድዙ የሚሉት ሐረግ የኋላውን ተዳፋት ከአናት እስከ እግር ሸፍኖታል። በማግስቱ ለማኅበሩ ጻፍን። ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። ኮሚቴው እኔ፣ ጋሼና አንዲት ሒሳብ አዋቂ ጎረቤታችን ሆንን። እኔ የተማርኩት መንገድ ሥራ ነው፤ አፈር ስለምወድ ብቻ ነው የገባሁበት። ስለዚህ ገና ከመነሻው የግድብ ፈቃድ ያላት መሐንዲስ እንድትቀጠር ጠየቅን።

ኦክቶበር አጋማሽ፣ ምንጠራ

የግድብ ቁጥጥር ግማሹ ሣር ማጨድ ነው ብል አላጋነንኩም። ያልታጨደ ተዳፋት ላይ ስንጥቅም ቢኖር፣ ጉድጓድም ቢኖር፣ ውሃም ቢፈስ አይታይም።

ከታች ጀምረን ወደ ላይ መነጠርን። ኩድዙውን በሞተር ማጨጃ፣ ቁጥቋጦውን በገጀራና በእጅ መጋዝ። የእጅ አንጓ የሚያክሉትን ዛፎች ከሥር ቆረጥናቸው። ከዚያ በላይ የወፈሩትን እንዳትነኩ ብላናለች መሐንዲሷ። ትልቅ ዛፍ ሲቆረጥ ሥሩ መሬት ውስጥ ይቀራል። ሥሩ ሲበሰብስ ቦታው ባዶ ቱቦ ይሆናል። ውሃ ደግሞ ባዶ ቱቦ ሲያገኝ ግብዣ አይጠብቅም። ስለዚህ ትልቁ ዛፍ የሚነቀለው ሐይቁ ጎድሎ፣ ከነሥሩ ነው። እግሩ አጠገብ ሦስት ግንዳቸው የሚታቀፍ ጥዶች አሉ። ለጊዜው ቀይ ጥብጣብ አሰርንባቸው።

ቀይ ጉንዳን አልማረንም። ጓንትና ረጅም ቦት ጫማ የሌለው ሰው እዚህ ሥራ ላይ ባይመጣ ይሻለዋል።

ተዳፋቱ ሲገለጥ ከሐይቁ ዳር መስክራት የሚሉት የውሃ አይጥ የማሳቸው ሁለት ጉድጓዶች ታዩ። ተዳፋቱ መሃል ላይ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስርጉድ ያለ ቦታ አለ። የምጣድ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ከስንዝር አይበልጥም። ጋሼ ዱላቸውን ሰክተው ጥቂት ቆዩና ሰንደቅ አስተከሉኝ። "ይኼን እንዳትረሳው" አሉ። ሦስተኛው ነገር እግሩ ላይ ነው። በቀኝ በኩል ፊላ በቅሏል። ፊላ ደረቅ መሬት ላይ አይበቅልም።

ፊላውን ስንገፋ ከሥሩ ውሃ ይወጣል። አካባቢው ብርቱካናማ አተላ ለብሷል፤ ላዩ ላይ ዘይት የመሰለ ነገር ያብረቀርቃል። ያዩት ጎረቤቶች "የመኪና ዘይት ነው፣ ሰው ደፍቶብን ነው" አሉ። በእንጨት ነካ ሲደረግ እንደ ቀጭን መስተዋት ተሰባበረና ቁርጥራጩ ተለያየ። ዘይት ቢሆን መልሶ ይገጥም ነበር። ይኼ ብረት የሚበሉ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። ክፉ አይደለም። ክፉው ነገር የውሃው ቀለም ነው የሚሆነው።

የአፈር ግድብ ሁሉ ትንሽ ውሃ ያሳልፋል። ጥርት ያለ ውሃ ከሆነ ግድቡ ላብ እያላበው ነው እንበል። የደፈረሰ ከሆነ ግን ውሃው አፈር ይዞ እየወጣ ነው። አፈሩ የሚወጣው ከግድቡ ሆድ ነው። ቦረቦሩ ከታች ይጀምርና ወደ ኋላ፣ ወደ ሐይቁ እየቆፈረ ይሄዳል። ሐይቁ ጋ የደረሰ ዕለት ሰዓታት እንጂ ቀናት አይቀሩም። የአፈር ግድብ ከሚፈርስባቸው ሁለት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኼ ነው፤ ሌላው ውሃ በአናቱ ላይ ሲያልፍበት ነው።

ውሃውን በጠርሙስ ቀድቼ ኩሽና መስኮት ላይ አስቀመጥኩ። በማግስቱ ታቹ ላይ ዝቃጭ የለም። ለጊዜው ተነፈስን።

ኖቬምበር፣ ባልዲና ላሜራ

ዛሬ የፈሰሰው ውሃ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ብቻውን ሲታይ መልስ የለውም። የሚያሳስበው ለውጡ ነው። ስለዚህ መለካት ጀመርን።

ፊላውን ነቅለን ውሃውን በትንሽ ቦይ ሰበሰብነው። ቦዩ ላይ መሃሉ በቪ ቅርጽ የተቆረጠ ላሜራ አቆምን። የቪው ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው። ከላሜራው ጀርባ ማስመሪያ አለ፤ ውሃው ከቪው ጫፍ ስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዳለ ይነበባል። 3 ሳንቲ ሜትር ካለ በሰከንድ 0.2 ሊትር ገደማ ነው። 4 ከሆነ 0.4 ሊትር ያልፋል። አንዲት ሳንቲ ሜትር ብቻ ጨምሮ ፍሰቱ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በዓይን ግን ሁለቱ አንድ ይመስላሉ።

ውሃው እንዲህ አነስተኛ ሲሆን ላሜራው ብቻውን አይታመንም። ባለ 10 ሊትር ባልዲና የስልክ ሰዓት የተሻለ ምስክር ነው። የመጀመሪያው ልክ፦ ባልዲው በ47 ሰከንድ ሞላ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ይለካል። ደብተሩ ላይ ከፍሰቱ ጎን የሐይቁ ከፍታና ያለፈው ሳምንት ዝናብ ይጻፋል፤ አለበለዚያ የዝናብ ጎርፍን የግድብ ውሃ ብለን እንደነግጣለን። የመጨረሻው ዓምድ "ቀለም" ይላል።

ኖቬምበር 6 ላይ ለማኅበሩ በላክነው ኢሜይል ስለ ቶኮዋ ጻፍን። ቶኮዋ ከዚህ ሰሜን ምሥራቅ፣ እዚሁ ጆርጂያ ውስጥ ነው። ኬሊ ባርንስ የሚባል የአፈር ግድብ ነበረ፤ የአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ንብረት። በፊት መብራት ያመነጭ ነበር። በ1957 ያ ቀረና ሐይቁ መዝናኛ ብቻ ሆነ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1977 ከዝናብ በኋላ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ፈረሰ። ኮሌጁ ያለው ከግድቡ በታች ነበር። 39 ሰው ሞተ። መርማሪዎቹ ይኼ ነው ብለው አንድ ምክንያት መለየት አልቻሉም። ፕላን አልነበረም፤ ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ነበር፤ ዛፍ በቅሎበታል፤ ውሃም ያሳልፍ ነበር። በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ካርተር የጆርጂያ ሰው ናቸው። የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች በመላ አገሪቱ አደገኛ የሆኑ የግል ግድቦችን እንዲመረምሩ አዘዙ። የጆርጂያ የግድብ ደኅንነት ሕግም በማግስቱ ዓመት፣ በ1978 ወጣ።

ኢሜይሉን ካነበቡት አንዱ "እያስፈራራችሁ ገንዘብ ልትሰበስቡ ነው" ብሎ መለሰ። ገንዘቡስ እውነት ነው፤ ይሰበሰባል።

ዲሴምበር መጀመሪያ፣ የዓሣው መረብ

ስብሰባው ላይ ትልቁ ክርክር ስለ ግድቡ አልነበረም፤ ስለ ዓሣ ነበር።

ሐይቁ ውስጥ ሣር የሚበላ ካርፕ አለ። አረሙን እንዲበላልን ማኅበሩ በገንዘብ ገዝቶ የጨመረው ነው። ሔሊን ጊዜ ጥቂቶቹ በማስተንፈሻው አምልጠዋል። አንድ ጎረቤቴ ማስተንፈሻው ላይ ጠበቅ ያለ የሽቦ መረብ ይወጠር የሚል ሐሳብ አቀረበ። ዋጋውን ሁሉ አጣርቶ መጥቷል። ብዙ ሰው አጨበጨበ።

እኔ ስለ ጆንስታውን ተናገርኩ። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሳውዝ ፎርክ የሚባል ግድብ ነበረ። ባለቤቱ የሀብታሞች የዓሣና የአደን ክለብ ነው፤ እነ አንድሩ ካርኔጊ አባል የነበሩበት። ከክለቡ በፊት የነበረው ባለቤት የታችኛውን የማፍሰሻ ቱቦ ነቅሎ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሸጦታል። ክለቡ ቱቦውን አልመለሰም። የግድቡን አናት ዝቅ አደረገው። ማስተንፈሻው ላይ ደግሞ ዓሣ እንዳያመልጥ መረብ አደረገ። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1889 ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። መረቡን ግንድና ቅጠል ደፈነው። ውሃው መሄጃ ሲያጣ በአናቱ ላይ አለፈና ግድቡን ጠረገው። 2,209 ሰው አለቀ።

አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ጎረቤቴ ግን አልተረታም። "ያ ትልቅ ግድብ ነው፣ የእኛ ኩሬ ነው" አለ። ልክ ነው፣ የኛ ያነሰ ነው። ከታች ቤት የሠሩት ሰዎች ግን ያነሱ አይደሉም። ነገሩን የቋጨችው መሐንዲሷ ናት። መረብ ያለበትን ማስተንፈሻ ሪፖርቷ ላይ "ዝግ" ብላ እንደምትጽፈው ተናገረች። የኢንሹራንሱን ነገር ሒሳብ አዋቂዋ አስታወሰች። መረቡ ቀረ።

ዲሴምበር አጋማሽ፣ ካሜራው

ሐይቁ ሁልጊዜ የሚተነፍሰው በቱቦ ነው። ውሃ ውስጥ የቆመ ቀጥ ያለ ቱቦ አለ፤ አፉ በሐይቁ ልክ ነው። የሞላው ውሃ በአፉ ይገባል፤ ከታች ግድቡን ሰንጥቆ በሚያልፍ 24 ኢንች አግድም ቱቦ ይወጣል። ሁለቱም ሞገዳማ ቆርቆሮ ናቸው። በዚያ ዘመን የተሠሩ ትንንሽ ግድቦች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ቆርቆሮ ደግሞ እንደ አፈሩና እንደ ውሃው ከ25 እስከ 50 ዓመት ቢያገለግል ነው። የኛው ከዚያ አልፏል።

የቧንቧ ካሜራ ያላቸው ሰዎች መጡ። ጎማ ያለው ትንሽ ጋሪ ላይ መብራትና ካሜራ አለ። ከታች ጫፍ አስገቡት፤ እኛ መኪናው ውስጥ ስክሪኑን ከበን አየን።

መጀመሪያ ዝገት ብቻ ነው። ከዚያ የቱቦው ወለል ጠፋ። ወለል የለም። ውሃው በቀጥታ አፈር ላይ ይሄዳል። መሃል አካባቢ ሁለት የቱቦ ቁራጮች የተጋጠሙበት ቦታ ተከፍቷል፤ ከጎን ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። በቀዳዳው ቀይ አፈር እንደ ምላስ ወደ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ካሜራው እዚያ ቆመ። ባለሙያው ርቀቱን አነበበ። ጋሼ ከመኪናው ወርደው ተዳፋቱ ላይ በሜትር ለኩ። ሰንደቁ ከተተከለበት ስርጉድ ቦታ በላይም በታችም አይደለም፤ እዚያው ልኩ ላይ ነው።

አፈሩ በቀዳዳው ወደ ቱቦው እየገባ፣ በቱቦው እየተጠረገ፣ ከላይ መሬቱ እየሰረገደ ኖሯል። እግሩ ላይ የምንለካው ጥርት ያለ ውሃ ይኼን ሊነግረን አይችልም ነበር፤ አፈሩ የሚወጣበት በር ሌላ ነው። "ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ" አሉ ጋሼ።

መሐንዲሷ ወዲያው ሐይቁ ዝቅ ይበል አለች። እስከዚያው ሰው በየቀኑ ስርጉዱን እንዲያይ፣ ከቱቦው የሚወጣው ውሃ ከደፈረሰ እንዲደወልላት።

ዲሴምበር፣ ከግድቡ በታች ያሉ ሰዎች

ጅረቱን ተከትሎ ቁልቁል ሲወረድ መንገድ አለ። ከመንገዱ ማዶ አዲስ የተሠሩ ቤቶች አሉ። ግድቡ ሲሠራ እዚያ ዛፍ እንጂ ሰው አልነበረም። ግድቡ ሳይለወጥ አደጋው የሚያድገው እንዲህ ነው። በጆርጂያ ሕግ ቢፈርስ የሰው ሕይወት ሊጠፋበት የሚችል ግድብ ምድብ አንድ ይባላል። ፈቃድ፣ ቁጥጥርና ጠንካራ መመዘኛ አለበት። ሕይወት የማይጠፋበት ምድብ ሁለት ነው፤ ብዙ አይጠየቅም። የእኛው በመዝገብ ምድብ ሁለት ነው። አዲሶቹ ቤቶች ሲሠሩ ግን ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም ቀና ብለን አላየንም።

የአስቸኳይ ጊዜ ዕቅድ ለማዘጋጀት ስልክ ስንሰበስብ ቤት ለቤት ሄድን። ሦስተኛው በር ላይ የከፈተችልን ነጠላ የለበሰች ሴት ናት። ጋሼን ስታይ ፊቷ በራ።

"ውይ፣ ሐበሻ ናችሁ! ግቡ፣ ግቡ፤ ቡና እየፈላ ነው።"

ጋሼ አልጠበቁም፣ ገቡ። ስለ ግድቡ ስንነግራት ሲኒውን አስቀመጠች።

"ከላያችን ሐይቅ አለ እንዴ? እኔ እኮ ጅረት ብቻ መስሎኝ።"

ካርታውን አሳየናት። መሐንዲሷ በኮምፒውተር የሠራችው ነው፤ ግድቡ ቢፈርስ ውሃው የት እንደሚደርስ በሰማያዊ ተቀብቷል። የእሷ ጓሮ ሰማያዊው ውስጥ ነው። ጥቂት አየችውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ "ሌሊት ቢሆንስ? ማን ይቀሰቅሰናል?"

ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ የተጻፈው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲተነበይ ተረኛ ይመደባል፤ ማታም ቢሆን በየጥቂት ሰዓቱ አናቱን እየሄደ ያያል። እግሩ ላይ የደፈረሰ ውሃ፣ አዲስ ስንጥቅ፣ የሚሰፋ ጉድጓድ ወይም አናቱ ሊደርስ የተቃረበ ውሃ ካየ መጀመሪያ የሚደውለው 911 ነው። ለኮሚቴ አይደለም፣ ለማኅበሩ ፕሬዚዳንትም አይደለም። ቀጥሎ ለታች ቤቶች። መንገዱን የሚዘጋው ካውንቲው ነው፤ የሚደወልበት ቁጥር ከላይ ተጽፏል። ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ረጅም ዕቅድ ሌሊት አይነበብም። ለእሷና ለሌላ አንድ ቤት በአማርኛም አዘጋጀነው።

ስንወጣ የቡና ቁርስ በፌስታል አስያዘችን።

ጃንዋሪ 2025፣ ሳይፈን

ሐይቁ ታች ማፍሰሻ ቫልቭ አለው። ለስንት ዓመት እንዳልተነካ አይታወቅም። መሐንዲሷ ንክች እንዳታደርጉት አለች። የዛገ ቫልቭ ተከፍቶ አልዘጋ ቢል ሐይቁ ባንዴ ይወርዳል። ሐይቅ ባንዴ ሲወርድ የፊተኛው ተዳፋት ውሃ እንደጠጣ ደጋፊ ያጣል፤ ይንሸራተታል። ስለዚህ ቀስ ተብሎ፣ በቀን ከ30 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ ነው የሚወርደው። ለዚያ የተመረጠው ሳይፈን ነው፤ አንዴ በውሃ ከተሞላ ያለ ፓምፕ ሐይቁን በግድቡ አናት አሻግሮ ወደ ታች የሚስብ ቱቦ።

በግድቡ አናት ላይ ሁለት 6 ኢንች የፕላስቲክ ቱቦዎች ዘረጋን፤ አንዱ ጫፍ ሐይቅ ውስጥ፣ ሌላው ከታች ድንጋይ የተነጠፈበት ቦታ። ሁለቱም ጫፍ ቫልቭ አላቸው። አናቱ ላይ የውሃ መሙያ ክዳን አለ። ሁለቱን ቫልቭ ዘግተን ከላይ በፓምፕ ሞላን። አየሩ ተንተክትኮ እስኪያልቅ መታገስ ነው። ከዚያ ክዳኑን ጠብቅ አድርጎ መግጠም፣ የሐይቁን ቫልቭ መክፈት፣ በመጨረሻ የታችኛውን ቀስ እያሉ መልቀቅ።

የመጀመሪያው ቱቦ ተንቀጠቀጠ፣ አንጎራጎረ፣ ከዚያ ሙሉ ውሃ ተፋ። ሁለተኛው ተፍቶ ተፍቶ ቆመ። ጆሮዬን ቱቦው ላይ አስጠግቼ ብሄድ አንዱ መገጣጠሚያ ላይ ፉጨት አለ፤ አየር እየሳበ ነው። ደርቆ፣ ተጠርጎ፣ እንደገና ተጣበቀ። በማግስቱ ሠራ።

ሁለቱ አንድ ላይ ሐይቁን በቀን 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያወርዱታል፤ ዝናብ ካልመጣ። ጃንዋሪ 10 በረዶ ጣለ። ጠዋት ላይ ነጩ ሐይቅ ዳርቻ ላይ ቀይ የጭቃ ቀበቶ ይታይ ነበር።

ሐይቁ ሲጎድል ጎማ፣ የፕላስቲክ ወንበርና ስፍር ቁጥር የሌለው የጎልፍ ኳስ ወጣ። በሰፈሩ የጎልፍ ሜዳ የለም። "ሸተተን" የሚሉ ኢሜይሎች መጡ። እግሩ ላይ ያለው ባልዲ ግን ሌላ ነገር እያወራ ነበር፦ ሐይቁ በወረደ ቁጥር የሚሞላበት ጊዜ እየረዘመ ሄደ። ውሃው ከሐይቁ እንጂ ከጎን ምንጭ እንዳልሆነ ያወቅነው በዚህ ነው።

ፌብሩዋሪ፣ ጥዶቹና ቱቦው

ስካቫተሩ ገባ። ጥዶቹ ተቆርጠው ጉቶዎቹ ከነሥራቸው ተነቀሉ። አንዱ ሥር ክንድ የሚያህል ሆኖ ወደ ግድቡ ሆድ ሦስት ሜትር ገብቷል። ጉድጓዱ ተስተካክሎ ከተቆረጠ በኋላ በተመረጠ ሸክላማ አፈር ተሞላ፤ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተረጨ፣ እየተደቀደቀ። ጥግግቱ ተለካ፤ ያው አፈር በቤተ ሙከራ ተደቅድቆ ከደረሰበት ከፍተኛ ጥግግት 95 በመቶ ያልደረሰው ንጣፍ ተነሥቶ እንደገና ተሠራ። ኮንትራክተሩ አንዴ "ዛሬ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት እንጨርሰው፣ ወፍራም አድርገን እንሙላ" ብሎ ነበር። እምቢ አልን። ወፍራም ንጣፍ ላዩ ይጠቀጠቅና ታቹ ልል ይቀራል። እንግዲህ መንገድ ሥራ ያስተማረኝ ነገር ካለ ይኼ ነው።

አሮጌው ቱቦ ቢወጣ ግድቡ መሰንጠቅ አለበት፤ በጀቱ አይችለውም። ስለዚህ በውስጡ 18 ኢንች ጥቁር የፖሊኤቲሊን ቱቦ ተጎተተ። ቱቦዎቹ ውጭ ላይ በሙቀት እየተበየዱ አንድ ወጥ ሆነው ነው የሚገቡት፤ መሃል ላይ መጋጠሚያ የለም። በአዲሱና በአሮጌው መካከል ያለው ክፍተት፣ ቡጢ የሚያስገባው ቀዳዳ ጭምር፣ በቀጭን ሲሚንቶ ግፊት ተሞላ። ብዙ ሰው "ቱቦው ጠበበ፣ ውሃው ይበዛበታል" ብሎ ሠጋ። ሞገዳማ ቆርቆሮ ውሃን ይዞ ያንገላታል፤ ለስላሳው ያንሸራትተዋል። መሐንዲሷ ሠርታ አሳየች፤ የሚያሳልፈው ከበፊቱ ብዙም አይርቅም።

ከሁሉም የወደድኩት ማጣሪያው ነው። በታችኛው ጫፍ ቱቦው ዙሪያ ተቆፍሮ፣ ለኮንክሪት የሚታጠበው ዓይነት አሸዋ ተሞላ። በቱቦው ጀርባ እየተሳበ የሚመጣ ውሃ አሸዋው ጋ ሲደርስ ያልፋል፤ የያዘውን የአፈር ቅንጣት ግን ጥሎ ያልፋል። ቅንጣቶቹ ራሳቸው ተጠቅጥቀው ቦታውን ይደፍኑታል። ድሮ ውሃውን ለማገድ ቱቦው ላይ የኮንክሪት አንገትጌ ይደረግ ነበር። አንገትጌው ዙሪያ አፈር በደንብ አይደቀደቅም። አሁን ውሃውን ከማገድ ማጣራት ይሻላል ተብሎ ተትቷል።

ቀጥ ያለው ቱቦም ተለወጠ። አፉ ላይ ሰፋ ሰፋ ያለ የብረት ፍርግርግ ተደረገለት፤ ቅጠል የሚያሳልፍ፣ ግንድ የማያሳልፍ። ታች ያለው ቫልቭ አዲስ ነው። በየስድስት ወሩ ተከፍቶ ይዘጋል፤ ደብተሩ ላይ ቀን ተጽፎለታል።

የፊተኛው ተዳፋት ላይ ሞገድ የበላው ጎርበጥባጣ ደረጃ አለ። ድንጋይ ሊነጠፍበት ይገባል። ገንዘቡ ግማሹን ብቻ አዳረሰ።

ማርች እስከ ኤፕሪል፣ መሙላት

ሐይቁ ባንዴ አይሞላም። መሐንዲሷ ሦስት ማቆሚያ ከፍታዎች ሰጠችን። እያንዳንዱ ላይ ሳይፈኑ እየተከፈተ ውሃው እንዲቆም ይደረጋል፤ ላሜራው፣ ባልዲው፣ የማጣሪያው መውጫ ይታያል። የፀደይ ዝናብ ስለማይታዘዝ ሁለተኛውን ማቆሚያ በአንድ ሌሊት ዘሎታል። ሳይፈኖቹ ሁለቱም ተከፍተው መለሱት።

ሐይቁ ሲሞላ ባልዲው በ70 ሰከንድ ገደማ ነው የሚሞላው። ከበፊቱ ቀንሷል። ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ደብዘዝ ያለ ነበር፤ የአሸዋው ብናኝ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጠራ። ተዳፋቱ ላይ በርሙዳ ሣር ተዘርቶ ብቅ ብሏል። የስርጉዱ ቦታ ላይ ሰንደቁ አሁንም አለ፤ ጋሼ እስከ መጪው ክረምት አይነቀልም ብለዋል።

ተረኛ ዝርዝሩ ጀልባ ማስገቢያው በር ላይ ተለጥፏል። መረቡን ሲከራከርለት የነበረው ጎረቤቴ ኤፕሪልን በሙሉ ወስዷል። ባለፈው ቅዳሜ ቁጥሩን ሲልክልኝ "ዓሣዎቹም ደኅና ናቸው" የሚል ጨመረበት።

የታች ቤቶቹን ካርታ ለክፍለ ግዛቱ የግድብ ደኅንነት ክፍል ልከናል። ምድብ አንድ መባላችን አይቀርም። ያኔ ማስተንፈሻው ለተወሰነ የከፍተኛ ዝናብ መጠን መብቃት አለመብቃቱ ይሰላል፤ ካልበቃ መስፋት ወይም አናቱ ከፍ ማለት አለበት። ጥናቱን ለማሠራት የሚያስፈልገው ገንዘብ ለሜይ ስብሰባ ቀርቧል። ድንጋይ ንጣፉም አብሮ ቀርቧል። ሒሳብ አዋቂዋ ሁለቱን በአንድ ዓመት ማድረግ አይቻልም ባይ ናት። እኔ ድንጋዩ ይቆይ፣ ጥናቱ ይቅደም ብያለሁ። ጋሼ ሁለቱም ካልሆነ በስብሰባው እናገራለሁ ብለዋል።